ምስሏ ጠፍታለችና ሰኞ ይመለሱ

ካዛንቺስ፣ ስሙን በማላነሳው መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ስክሪኑን አየች።

«አባቴ፣ ሲስተሙ ጠፍቷል።»

«መብራት ነው?»

«መብራትማ አለ።»

«ኔትወርክ?»

«እሱም አለ። ግን እዚህ ጋ ነበረች እኮ!» ብላ የስክሪኑን ጥግ በጣቷ ነካች። እስከ ትናንት እዚያ ቦታ አንዲት ሰማያዊ ምስል ነበረች፤ ሁለቴ ጫን ጫን ሲያደርጓት የምትከፍት። ዛሬ የለችም። «ሰኞ ይመለሱ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ሳልቆጣ ወረድኩ። እንዲያውም ደረጃው ላይ አሠራሩን ማድነቅ ጀመርኩ። እንደዚያች ምስል ያለው፣ ሾርትከት የሚሉት ነገር፣ ፕሮግራሙ አይደለም፤ «ፕሮግራሙ ያውልህ» የሚል አመልካች ጣት ነው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ቢሆን ነው፤ ቢሰረዝም የተጠቆመው ነገር ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይህ እንግዲህ የቴክኒክ ሰዎች ወሬ ነው። የኛ ቢሮ እምነት ከዚያ ይጠልቃል፤ ጣቱ ከታጠፈ የተጠቆመው ሞቷል።

እንዲህ ያለ እምነት በግማሽ መቅረት የለበትም። ምስሏ የመሥሪያ ቤቱ ሀብት ናትና ጉዳዩ ወደ ንብረት ክፍል ይመራ እላለሁ። ንብረት ክፍልም ወጉን ይጠይቃል፦ በሞዴል 19 ገቢ ሆና ነበር ወይ? በሞዴል 22 ወጪ ተደርጋ ከሆነስ ማን ፈረመ? ፈራሚ ካልተገኘ አፈላላጊ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሁለት አባላት፣ አንድ ታዛቢ ከሕግ ክፍል። ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባ የስብሰባ ሰዓት ይወስናል። በሁለተኛው ምስሏ ሰማያዊ ነበረች ወይስ ውሃ ሰማያዊ በሚለው ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በሦስተኛው ሪሳይክል ቢን ውስጥ ገብቶ የሚያይ ንዑስ ኮሚቴ ይመረጣል። ቆሻሻ መበርበር ከሥራ መደቡ ውጭ ነውና የሳሙና አበል ይጠየቃል፤ ፋይናንስ «የበጀት ርዕስ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። በስድስተኛው ወር አበሉ ሲፈቀድ ቢኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠርታ ትጠየቃለች፤ እሷም እኔ የማውቀው በሩ ሥር ያለውን ቅርጫት ነው ብላ በጣት አሻራዋ ታረጋግጣለች። በመጨረሻ 14 ገጽ ሪፖርት ይዘጋጃል። የት ይቀመጣል? ዴስክቶፕ ላይ። በማግስቱ የሪፖርቱም ምስል ይጠፋል። ሁለተኛ ኮሚቴ።

በምስሏ መጥፋት ልጅቷን አልወቅስም፤ ምስል ማጥፋት የአምራቹም አመል ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በየ60 ቀኑ «የማትነኳቸውን ላንሳላችሁ» ይል ነበር። ዊንዶውስ 7 ከ4 የበለጡ የተሰበሩ ሾርትከቶች ዴስክቶፕ ላይ ካየ በሳምንታዊ ጽዳቱ ይጠርጋቸዋል፤ የኔትወርኩ ገመድ ተነቅሎ ከሆነ ወደ ሰርቨሩ የሚያመለክቱትንም ከተሰበሩት ይቆጥራቸዋል። ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት ደግሞ፣ ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት ዘበኛ በተበላሸ ማሻሻያ የተነሳ፣ አንድ የጥበቃ ደንብ ባበሩ መሥሪያ ቤቶች ሾርትከቶችን እንደ ሌባ እያሳደደ ደመሰሰ። ፕሮግራሞቹ ግን ካሉበት አልተነኩም። ማይክሮሶፍት ስህተቱን አርሞ የጠፉትን የሚተካ ስክሪፕት አወጣ። ኮሚቴ አላቋቋመም፤ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ከልጅቷ ይልቅ የማደንቀው አይቲውን ነው። ለሁሉም ሕመም አንድ መድኃኒት አለው፦ ፎርማት። ምስል ጠፋ? ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ጎረሰ? ፎርማት። የቤት ቁጥሩ ቆርቆሮ ስለወደቀ ቤቱን ከመሠረቱ መናድ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ላይ የተከመረው ሁሉ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ሲ በሚባለው ድራይቭ ውስጥ ነውና፣ በአንዲት ምስል ሰበብ የሦስት ዓመት ደብዳቤ አብሮ ይታጠባል። ከዚያ ላቡን ጠርጎ «አዲስ አደረግኩልሽ» ይላታል።

ምኑን ነው አዲስ ያደረግከው? የዊንዶውስን ቁልፍ ተጭኖ የፕሮግራሙን ስም መጻፍ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ምስሎቹ ሁሉ ባንዴ ከጠፉም፣ ባዶው ቦታ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጭኖ «ቪው» ውስጥ ገብቶ «ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ይህን አለማወቅ ነውር አይደለም። ሳይሞክሩ ሰውን ሰኞ ና ማለት ግን ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ማድነቅ ላይ ነበርኩ።

ውጭ ስወጣ የታክሲ ረዳቱ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል። ይህ ስም ራሱ ሾርትከት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በምህጻር ኢንቺስ ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ አሮጌ ቤት ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ ስሙ ግን ከረዳቱ አፍ አልወረደም። እታች ምስሉ ቀርቶ ቤቱ ጠፍቷል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ምስሉ ጠፍቷል። እኔ በሁለቱ መሃል ሰኞን እጠብቃለሁ።

ሰኞ ወጣሁ። ሰማያዊዋ ምስል ቦታዋ ላይ ተመልሳለች፤ ከመስኮቱ ማዶ በዓይኔ አየኋት። የልጅቷ ወንበር ግን ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አልኩት አጠገቧ የሚሠራውን ወጣት።

«ዓመት ፈቃድ ወጥታለች፣ አባቴ።»

«ሲስተሙስ?»

«ሲስተሙማ አለ። የርስዎን ጉዳይ የምታውቀው እሷ ናት እንጂ።»