ጠግቦ የታነቀው ሞተር

ራያን ፒቲ-22 የምትባለው ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ ወታደራዊ አብራሪዎች ማሠልጠኛ የተሠራች ናት። ጣሪያ የላትም። ባለአምስት ሲሊንደሩ ሞተሯ 160 የፈረስ ጉልበት አለው። የተዋናዩ የሃሪሰን ፎርድ ንብረት የነበረችው እ.ኤ.አ. በ1942 የተሠራች ስትሆን፣ ታድሳ፣ ገላዋ ብር ክንፏ ቢጫ ሆኖ፣ ያያት ሁሉ የሚያጨበጭብላት ነበረች። እኔም በፎቶ አይቼ አጨብጭቤያለሁ። እንዲህ ያለ ቀለም እያየ ስለ ሞተር የሚጠይቅ መቼም ምቀኛ ብቻ ነው።

የካቲት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ሰውየው ብቻውን ከሳንታ ሞኒካ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ። ከፍታ ደስ ይላል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ሰፈሩ ሁሉ የተስተካከለ፣ ጣሪያው ሁሉ አዲስ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ኃይሉ ከዳው። ወዲያው በሬዲዮ ሞተሩ እንደከሸፈበት ተናግሮ ለመመለስ ጠየቀ። «ጉዟችን እንደቀጠለ ነው» አላለም፤ ያገሩ ልማድ ይሆናል። ከተነሣበት ሳይደርስ የዛፍ ጫፍ ገጭቶ ጎልፍ ሜዳ ላይ ወረደ። ወረደ እንጂ አረፈ አላልኩም፤ ክፉኛ ቢጎዳም በሕይወት አለና። እዚያው ጎልፍ ሲጫወት የነበረ የአከርካሪ ሐኪም ደረሰለት። ለሚወድቅ ሁሉ የአከርካሪ ሐኪም ሜዳ ላይ አይጠብቅም።

መርማሪዎቹ ከአምስት ወር በኋላ ያወጡትን ሪፖርት ሳነብ ነዳጅ አልቆበት ይሆናል የሚል ግምት ነበረኝ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። የቤንዚን ሞተር በወጉ የሚሠራው ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት አሥራ አምስት እጅ ያህል አየር ሲያገኝ ነው። ይህን ልክ ከሚጠብቁት አንዱ በካርቡራተሩ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ነዳጅ መጣኝ ነው። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ሥራውም «እስከዚህ ብቻ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ወዳጅ አይበዛለትም። ያ መጣኝ ተፈትቶ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተገኘ። «ይበቃል» የሚለው ከቦታው ሲታጣ ቤንዚኑ እንዳሻው ገባ፤ ድብልቁ ከልክ በላይ በለጸገ፤ ሞተሩም በጥጋብ መሐል ትንፋሽ አጥቶ ኃይሉን ለቀቀ።

ካርቡራተሩ የታደሰው ከአደጋው 17 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ መጣኙ በየጊዜው ይታይ የሚል ዝርዝር መመሪያ አልነበረም። እንግዲህ ማን ይወቀሳል? መጣኙን ያስቀመጠ እጅ አለ፤ የታጣው ተቀምጦ ይሁን ተነሥቶ ብሎ የሚያይ ዓይን ነው። የትከሻ ቀበቶም አልጎደለም ነበር። የታሰረው ግን ማጠናከሪያ በሌለው ስስ የወንበር ጀርባ ላይ ስለነበር በግጭቱ ጊዜ ተነቅሎ መጣ። ቀበቶውን ከወንበሩ ጋር ያሰረው ሰው ወንበር ይከዳል ብሎ አልጠረጠረም መሰለኝ።

ይህንን ሁሉ የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ለሆኑት ለጋሼ ተረክኩላቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና ፈገግ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሞተር ተርቦ ብቻ የሚቆም ይመስልሃል? ጠግቦም ይታነቃል። የተራበው ይሻላል፤ ስታጠጣው ይነሣል። የጠገበውን ምን ታደርገዋለህ? ቤንዚን ጨምሩልኝ እያለ ይሞታል።»

«ምልክት የለውም?»

«እንዴት አይኖረውም! ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ነጂው ግን ፊት ለፊት ስለሚያይ ጭሱ ለእሱ አይታየውም። ጭሱን የሚበላው ከኋላ ያለው ነው።»

ወሬያችን ሳያልቅ አንድ ሰው አሮጌ ቮልስዋገኑን እያስነጠሰ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። ሰውየው ከመሪው ሳይላቀቅ አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ለበዓሉ ያደርሱልኛል?»

«ሞተሩን?»

«ኧረ ሞተሩማ ደኅና ነው። ቀለሙን ነው እንጂ።»

ጋሼ ጭሱን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። ከዚያ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣

«ምን ዓይነት ቀለም?» አሉት።