ለጀማሪዋ የማይሆን ሻሌ ይቅርብን

«ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?» ላልከው መልሱ አጭር ነው፦ ሮቤል ተክለማርያም! እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሎምፒኮች በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ይሄ አለቀ፤ አሁን አልፕስ ላይ በየትኛው መንደር፣ በየትኛው ሻሌ (የተራራ ማረፊያ ቤት) እንደምናርፍ እንምረጥ።

«ቫል ቶረንስ ይሁን፤ ከፍ ያለ ነው!» እውነት ነው። መንደሩ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ በአውሮፓ ከዚያ በላይ የተሠራ የሸርተቴ መንደር የለም፤ በረዶውም እስከ ሚያዝያ ይቆያል። ግን ዛፍ የለበትም። ጉም ሲወርድ ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ይሆናል። አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ትናንት ጫማውን ያጠለቀችው እህትህስ ቁልቁለቱን በምን ትለየው? ዝቅ ባለው ደን ውስጥ ቢሆን ዛፉ መንገዱን ያሳያታል።

«ቫል ቶረንስ ባለበት በሦስቱ ሸለቆዎች 600 ኪሎ ሜትር መስመር አለ!» ለአንተ አለ። ጀማሪ ሳምንቱን የምትገፋው አንድ ሁለት አጫጭር መስመር ላይ ስትወድቅና ስትነሳ ነው፤ የ600ውን ቲኬት አታስከፍላት፣ የጀማሪ ቲኬት ጠይቅላት። ፈረንሳዮች ከሰማያዊው የሚቀል አረንጓዴ መስመር አላቸው፤ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ከሰማያዊ ነው የሚጀምሩት። ካርታውን ስትዘረጋ ከሁሉም የሚከብደውን ጥቁሩን ተወውና ማታ ወደ ቤት የሚመልሰው መስመር ቀለሙ ምን እንደሆነ እይ። ከሰማያዊው የሚከብደው ቀይ ከሆነ በምን ልትመጣ ነው?

«ሻሌው 12 ሰው ያስተኛል!» የት? ሁለቱ ሳሎን ሶፋ ላይ ከሆኑ የሚያስተኛው 10 ነው። ሶፋው የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ ለዚያው ይሉኝታ ለሚይዘው ልጅ ነው። ጨዋታው ካላለቀ አይተኛም፤ ቁርስ ሲቀርብ ይቀሰቀሳል፤ የሚከፍለው ግን መኝታ ቤት የያዘውን ያህል ነው። ይሄ ግፍ ነው! ወይ ይቀነስለት፣ ወይ ሌላ ቤት ይፈለግ።

«ለሊፍቱ 400 ሜትር ብቻ!» ሽቅብ ነው ቁልቁል? በዚያ ደረቅ ጫማ፣ ሸርተቴ ተሸክመህ፣ ልጅ እየጎተትክ ሞክረውና ንገረኝ።

«እትዬ አይንሸራተቱም፤ ቤት ሆነው ወጥ ይሠሩልናል!» ማን ጠየቃቸው? እሳቸውም እኮ ለዕረፍት ነው የመጡት። ስዊዘርላንድ ዜርማት ብንሄድ ከመንደሩ ተነስቶ 3,089 ሜትር ላይ ጎርነርግራት የሚያደርስ ባቡር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ሰው ሲያወጣ የኖረ ነው። የማተርሆርንን ተራራ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ወጡን ተራ ገብተን እንሠራዋለን።

ቀብዱን ከመላክህ በፊት ለጀማሪዋ፣ ሶፋ ለሚደርሰው ልጅና ለእትዬ ደውል። ሦስቱም እሺ ያሉትን ቤት ያዝ፤ ጥቁር መስመር ወዳዱ አንተ፣ የትም ብትሆን ሊፍት አታጣም።