ስለት በቅድሚያ ክፍያ

ሂውስተን፣ ቴክሳስ

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ፤

  እትዬ ወገባቸውን ተሻላቸው?

የላኩልኝ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ሳይለብስ ክረምቱ ሊገባ መሆኑን፣ ሰበካ ጉባኤውም ሻይ ጠጥቶ ብቻ መበተኑን ሰምቼ አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሳቅሁም። «እዚያ አገር ቸርች የሚባለው ሁሉ ሀብታም ነው ይላሉ፤ ዘዴያቸውን አጣርተህ ጻፍልን» ብለውኛል። ገንዘብ ያዡ እርስዎ ሆነው ሲያዙ እምቢ አይባልም፤ አጣራሁ።

እሑድ እሑድ በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። በዚህ ከተማ እሑድ ጠዋት ሥራ የማይጠፋበት አንድ ቦታ ቢኖር የሌክዉድ ቸርች ደጃፍ ነው። የሚነግርዎት ሰው ከሌለ ስታዲየም ነው ብለው ያልፉታል፤ አይፈረድብዎትም፣ ስታዲየም ነበር። የሂውስተን ሮኬትስ የቅርጫት ኳስ ቡድን በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮን ሲሆን ቤቱ ይህ ነበር (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት)። ቸርቹ ራሱ በ1959 ሲጀመር የከብት መኖ ይሸጥበት በነበረ ወና ቤት ውስጥ ነበር። በ2005 ስታዲየሙ ውስጥ ገባ፤ ለእድሳቱ ወደ 95 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ በ2010 ደግሞ ሕንፃውን ከከተማው አስተዳደር በ7.5 ሚሊዮን ገዛው። 16 ሺህ ሰው ገደማ ያስቀምጣል። ጣሪያውም፣ ጋሼ፣ አያፈስም።

አንድ ቀን ያደረስኳቸው አሮጊት «ና ልጄ፣ አብረን እንግባ» አሉኝና ገባሁ። በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል አንዱ አስተናጋጅ ያዞረኝ መስሎት ደግፎ ቀና አደረገኝ። መስቀል ብፈልግ አጣሁ፤ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ትልቅ የወርቅማ ዓለም ሉል ነው። መብራቱ፣ ባንዱ፣ ካሜራው፣ ሰማይ የሚያክለው ስክሪን! መጋቢው ጆኤል ኦስቲን በ1999 ከአባቱ የተረከበ ሰው ነው፤ ፈገግታው ከላይኛው ወንበር ላይ ላለውም ይደርሳል። ስለ ጾም፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ሞት አንድም ነገር ሳልሰማ ወጣሁ። የሰማሁት ነገ ከዛሬ እንደሚሻልልኝ ነው። ውሸት አይሁንብኝና ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ደግሞ ለሰውየው ፍርድ አላጓድልበትም፦ ከ2005 ጀምሮ ከቸርቹ ደመወዝ እንደማይወስድና በመጻሕፍቱ ገቢ እንደሚኖር ይናገራል፤ በቴሌቪዥንም ገንዘብ አይለምንም።

ግን የገንዘቡን ብዛት ልንገርዎት። በ2014 ከካዝናው 200 ሺህ ዶላር በጥሬው፣ 400 ሺህ ደግሞ በቼክ ተሰረቀ። ይህ የአንድ ቅዳሜና እሑድ መባ ነው! በ2021 አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የተነቃነቀ ሽንት ቤት ሊያስተካክል ግድግዳውን ቢከፍት በገንዘብና በቼክ የተሞሉ ፖስታዎች ረገፉለት። ሰውየው አምጥቶ አስረከበ፤ ወንጀል በመከላከል ሥራ ላይ ያለ ድርጅት 20 ሺህ ዶላር ሸለመው። የእኛ ሙዳየ ምጽዋት ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልተገኙ አይከፈትም፤ ሲከፈትም ግማሹ በፕላስተር የተለጠፈ አሥር ብር ነው። በግድግዳችን ውስጥ የሚገኘው ደግሞ አይጥ ብቻ ነው።

ይህ ገና መለስተኛው ነው። በአትላንታ በኩል ክሬፍሎ ዶላር የሚባል ሰባኪ አለ፤ ስሙን እኔ አላወጣሁለትም። በ2015 የ65 ሚሊዮን ዶላር ጄት ያስፈልገኛልና 200 ሺህ ሰው እያንዳንዱ 300 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያዋጣልኝ ብሎ ጠየቀ። ይኸው ሰው በ2022 ስለ አሥራት ሳስተምር የኖርኩት ትክክል አልነበረም፣ መጻሕፍቴን ጣሏቸው አለ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም ብሏል። የሉዊዚያናው ጄሲ ዱፕላንቲስ በ2018 ለአራተኛ ጄቱ 54 ሚሊዮን ሲፈልግ፣ ኢየሱስ ዛሬ በምድር ቢኖር በአህያ አይሄድም ነበር ብሎ አስረዳ። እዚሁ ቴክሳስ ያለው ኬኔት ኮፕላንድ በስሙ የሚጠራ አየር ማረፊያ አለው፤ ከሕዝብ ጋር በአንድ አውሮፕላን መሳፈር ከአጋንንት ጋር በረጅም ቱቦ ውስጥ እንደ መታሸግ ነው ብሎ በቴሌቪዥን ተናግሯል። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በዚያው ቱቦ ነው፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት በርበሬና ሽሮ የያዙ እንጂ ጋኔን አይመስሉም ነበር።

እርስዎ የጠየቁኝ ግን ዘዴውን ነው። ዘዴው ዘር ይባላል። ዕዳ አለብህ? ታመሃል? ዘር ዝራ ይልሃል ሰባኪው፤ መሬቱ የእሱ አገልግሎት ነው፤ አዝመራው መቶ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሃል። ይህን ትምህርት በሰፊው ያስለመዱት የኦክላሆማው ኦራል ሮበርትስ ናቸው። በ1987 እስከ መጋቢት 8 ሚሊዮን ዶላር ካልሞላ እግዚአብሔር ይጠራኛል ብለው ለሕዝቡ ነገሩ። ሕዝቡ ደነገጠ፣ አዋጣ፤ የጎደለውን 1.3 ሚሊዮን በፍሎሪዳ በውሻ እሽቅድምድም የከበረ ባለሀብት ሞላላቸው። ገንዘቡ ሞላ፤ እርሳቸውም እስከ 2009 ኖሩ።

አብሮኝ የሚኖር የአገራችን ልጅ አለ (የማን ልጅ እንደሆነ አልነግርዎትም፤ እናቱ ሰምተው ይታመማሉ)። በቴሌቪዥን ለሚያየው አንድ ሰባኪ 1,000 ዶላር ዘራ። ሒሳቡን አብረን ሠራን፦ መቶ እጥፍ 100 ሺህ ነው፤ ቤት የት እንደሚገዛ ሁሉ መረጠ። ከጊዜ በኋላ በፖስታ የመጣለት በትንሽ ፕላስቲክ የታሸገ ውሃ ነው፤ ከእሱም ጋር ለሚቀጥለው ዘር ባዶ ፖስታ፣ አድራሻው የታተመበት። ደውሎ ቢጠይቅ ጥርጣሬህ አዝመራውን ዘጋው፣ ለመክፈት ሌላ ዘር ያስፈልጋል አሉት። እዚህ ላይ ነው ጋሼ የገባኝ። ካገኘ ሰባኪው ጸልዮለት ነው፤ ካጣ እምነቱ ጎድሎ ነው። በሁለቱም መንገድ ሰባኪው አይከስርም።

እኛ ጋ ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ጃንጥላውን፣ ወርቁን፣ ምንጣፉን ተሸክሞ የሚጎርፈው ሰው ስለቱ የሰመረለት ነው። ልጅ የለመነችው ልጇን አዝላ ነው የምትመጣው። ያልሰመረለት ገና እየለመነ ነው፤ ማንም ክፈል አይለውም። መልአኩ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚከፈለው! እዚህ ግን ሙሉው ቅድሚያ ነው፤ ውል የለም፣ ተመላሽ የለም፣ ቀነ ገደብ የለም። አንድ ኮንትራክተር በዚህ ሁኔታ ጣሪያ ላልብስላችሁ ቢል እርስዎ ከግቢው አስወጥተው በሩን ይዘጉበታል።

«መንግሥት የለም እንዴ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለ። ሌላው በጎ አድራጊ ድርጅት ገቢና ወጪውን በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አስታውቆ ሕዝብ ያየዋል፤ ቸርች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። በ2007 ቻርልስ ግራስሊ የሚባሉ የአዮዋ ሴናተር ስድስት የቴሌቪዥን ሰባኪዎችን መዝገብ አምጡ አሏቸው፤ ክሬፍሎ ዶላርና ኮፕላንድም ነበሩበት። ሁለቱ ተባበሩ፤ የቀሩት ሙሉ መልስ አልሰጡም። በ2011 ጉዳዩ ያለ ቅጣት ተዘጋ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። ቢሊ ግራሃምን ያስታውሷቸው ይሆናል፤ በ1960 አዲስ አበባ መጥተው ሰብከዋል። በ1950 አትላንታ ላይ ጋዜጣው የእርሳቸውን ፎቶ ከመባ ከረጢቶች ፎቶ ጋር አጎራብቶ ቢያወጣው አፈሩና ከዚያ በኋላ በቦርድ የተወሰነ ደመወዝ ብቻ ይቀበሉ ጀመር። ማፈር ይህን ያህል ይጠቅማል። ዛሬ በ2,000 ዶላር ጫማ መድረክ ላይ የሚወጣው ሰባኪ ፎቶውን የሚለጥፈው ራሱ ነው።

እኛም ንጹሕ ነን ብዬ አልዋሽዎትም። እዚህ ባለው የአበሻ ቤተ ክርስቲያን በዓመት በዓል ድፎ ዳቦ በጨረታ ይሸጣል፤ በስንት ዶላር እንደሚሸጥ ብነግርዎት እትዬ ከነወገባቸው ምጣድ ተሸክመው ይመጣሉ። ማን ስንት እንደሰጠ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፤ በምን ላይ እንደዋለ ግን በጆሮ ነው የሚነገረው። አገር ቤትም ነቢይ ነኝ ባዩ ዘይትና ውሃ ሲሸጥ፣ በእኛም በኩል በአጥማቂ ስም የሚነግደው ሲበዛ በስልኬ አያለሁ። ዘዴው ሳልልክልዎት ቀድሞኝ ደርሷል።

ስለዚህ ከዚህ አገር የምትወስዱት ዘዴ የለም። የሚበጃችሁን ልንገርዎት፦ ጣሪያው ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈልግ፣ ምስማሩና የአናጺው ዋጋ ስንት እንደሆነ በትልቁ ጽፋችሁ በደጀ ሰላሙ ለጥፉ። በየእሑዱ የገባውንና የወጣውን ከቅዳሴ በኋላ አንብቡ፤ የጎደለውንም ጭምር። መቶ እጥፍ የሚባል ነገር አታንሡ። ሰው ለቆርቆሮ ይስጥ፣ ቆርቆሮውንም በዓይኑ ይየው።

የእኔን ድርሻ 200 ዶላር በባንክ ልኬያለሁ። የእህትዎ ልጅ ስለሆንኩ ችላ እንዳይሉብኝ፤ ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ