በሠርግ ካርድ ጀርባ የተሳለ ቤት

ኑ ስሙልኝማ! ጀበናው ዙሪያ ያላችሁ ሁሉ፣ ስኒያችሁን አስቀምጡ፤ ትን እንዳይላችሁ። ወዳጃችን የአባቱን ጭቃ ቤት አፍርሶ ጂ ፕላስ ዋን እየሠራ ነው። ያውም ያለ አርክቴክት። ያውም ያለ ፈቃድ። «ለወረቀት ብር አልከፍልም» ይላል። ብርም ወረቀት መሆኑን እስካሁን የነገረው የለም።

ከወራት በፊት «ፕላን አለኝ» አለኝ። እስቲ አሳየኝ አልኩት። ከኪሱ የሠርግ ጥሪ ካርድ መዘዘ። ፊቱ ላይ ሙሽራና ሙሽሪት፤ ጀርባው ላይ 3 መኝታ ቤትና ሳሎን፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ፎርማኑ ምሳ እየበላ ነው የሳለለት፤ ጥጉ ላይ የሽሮ ፍንጣቂ አለ። እኔ የውሃ ጉድጓድ መስሎኝ ነበር። ወዳጄ ግን ኩራቱ! «ይቺ በነፃ ናት» ይላል። የምሳውን ሒሳብ ማን ከፈለና? ካርዱን አገላበጥኩት። ደረጃው የታለ? ፎቅ ነው ያልከኝ፤ መውጫ የለውም እኮ! «እሱን ኋላ እናስገባዋለን» አለ። ኋላ! ደረጃ ሚጥሚጣ ነው እንዴ፣ ክትፎው ከቀረበ በኋላ የሚነሰነስ?

«ባለሙያ ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል ደግሞ። በእርግጥ አይፈረድበትም። ባለሙያ ሲባል ትዝ የሚለው ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮዋን 12 ብልት ለማውጣት ባለሙያ ተፈልጎ ሰፈር ይዞራል፤ ኮለን ለማቆም ግን የተገኘ ሁሉ ይበቃል። ወዳጄ፣ ብልት ቢሳሳት ሐሜት ነው። ኮለን ቢሳሳት ድንኳን ነው።

«ግንበኛዬ 30 ዓመት የሠራ ሰው ነው።» አውቀዋለሁ፣ እጁ ይባረክ። ብሎኬቱን እንደ ወታደር ያሰልፈዋል፤ ቱምቢው አይስትም። ቱምቢ ግን የሚነግርህ ግድግዳው መቆሙን ነው። መሬቱ መቆሙን ማን ይንገርህ? ቦሌ በኩል ያለውን ጥቁር አፈር ታውቀው የለ? ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈሩ ጠጪ ነው! ሞቅ ሲለው ይነሳል፣ ሲበርድለት ይቀመጣል። አንተ ቤትህን ሰካራም ጀርባ ላይ ጭነህ «ግንበኛዬ ጎበዝ ነው» ትላለህ። የአፈር ምርመራ ማለት ሌላ አይደለም፤ ሳትጫንበት በፊት አፉን ማሽተት ነው። ቆፍሮ ማውጣትና በተመረጠ አፈር፣ በሰለክት፣ መተካት ካለበት ዛሬ ይነግርሃል። ካልጠየቅከው ደግሞ ራሱ ይነግርሃል፤ ሳሎንህ ግድግዳ ላይ፣ ከጣራ እስከ ወለል፣ በትልቁ ጽፎ።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሳነሳበት ደግሞ ይስቃል። «አዲስ አበባ ምን አገኛት?» ይላል። አይ ጀግናዬ! በ2017 ታኅሣሥና ጥር የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማን በቁምጣ ግቢ የወጣኸው ማን ነበር? ያውም የአባትህ ጭቃ ቤት እንኳ ሳይደነግጥ! ጭቃ ቤቱ እንጨቱ ተጋጥሞ፣ ተያይዞ ቆሞ ነበር። ያንተ ፎቅ ምን ይዞ ይቆማል? የሠርግ ካርድ?

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። «የራሴ ግቢ፣ የራሴ ካርታ! ማንን ነው ፈቃድ የምጠይቀው?» ይኸውላችሁ፣ ካርታ የያዘ ሁሉ ጆከሩም የሱ ይመስለዋል። ካርታህ ይዞታው ያንተ ነው ይላል እንጂ የፈለግከውን ክመርበት አይልም። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624፣ የወጣው በ2001 ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ድምፁ ጎርንኖ ጢም ፍለጋ መስተዋት ፊት ቆሟል፤ አንተ ገና «አዋጅ ወጣ እንዴ?» ትላለህ። አዋጁ ሕንፃን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መደበው። በዚያ አዋጅ በሁለት ኮለን መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ማለፍ አለማለፉ እንኳ ምድብ ያስለውጥ ነበር። አንተ ሳሎንህን የምትለካው በሶፋ ነው። የምትጠየቀው ወረቀት፣ የምትቀጥረውም ባለሙያ እንደ ምድቡ ነው። ስለዚህ ቤትህ የትኛው ምድብ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድመህ ጠይቅ። ካልጠየቅክ፣ የት እንደወደቀ ጎረቤትህ ይነግርሃል።

ይሄን ስለው ዘዴ ቀየረ። «እኔ እኮ የማሠራው እድሳት ነው።» አትሳቁ፣ ይጨርስ! ጣራውን አነሳ። ግድግዳውን ጣለ። መሠረቱን ቆፍሮ አወጣ። ምኑን ነው ያደስከው? የቤት ቁጥሩን? አዋጁ እኮ አዲስ ግንባታ ብቻ አላለም፤ ነባሩን ማሻሻልም፣ የአገልግሎት ለውጥም ብሏል። መኖሪያውን ግሮሰሪ ልታደርገው ብታስብ እንኳ ሹሙ ጋ ትሄዳለህ። ሹም ስል አትደንግጥ፣ ማዕረጉ ነው፤ አዋጁ ራሱ «የሕንፃ ሹም» ነው ያለው። አንተ ደጅ መጥናት የምትፈራውን ያህል ደጅ መሥራት ብትፈራ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

«በቃ ቅዳሜና እሑድ እሠራዋለሁ፣ ማንም አያይም።» ጉድ! ጂ ፕላስ ዋን ነው ወይስ ድብብቆሽ? ሁለት ፎቅ ቁመት ያለው ነገር በሸራ ይሸፈናል? የጨረቃ ቤት የሚባለው እንዲህ ተጀምሮ ነው። በጨረቃ ይሠራል፣ በፀሐይ ይፈርሳል። ደግሞ ደንብ አስከባሪ ቅዳሜ ይተኛል ያለህ ማነው? እሱ ቢተኛ እንኳ የጎረቤትህ እናት አትተኛም! የሲሚንቶህ አቧራ ሽሮዋ ላይ አርፏል።

ሰውዬው ግን አይሸነፍም። «አንድ ጉዳይ ገዳይ አግኝቻለሁ፣ በ3 ቀን ጨርሶ ይሰጠኛል» አለ። እናንተ ፍረዱ! ጉዳይ ገዳይ የሚገድለው ጉዳዩን ነው ወይስ ባለጉዳዩን? ይሄኛው ደግሞ ማህተም ያከራያል አሉ። ቤትህን አይቶት የማያውቅ መሐንዲስ፣ ስምህን ሰምቶት የማያውቅ መሐንዲስ፣ ማህተሙ ብቻ በከረጢት መጥቶ ፕላንህን ይረግጠዋል። ሰውዬው ነገ ተጠርቶ «ይሄ ቤት የማነው?» ሲባል ምን ይላል? «ማህተሜን ጠይቁት።» ወዳጄ ድሮ ቤት ይከራይ ነበር። አሁን ማህተም ተከራይተህ ቤት ልትሠራ ነው።

«እሺ፣ ኮንትራክተሩ ፕላኑን በነፃ ይሥራልኛ!» ይሄ ለጅብ አደራ ቋንጣ መስጠት ነው። የሚስለው እሱ። የሚሠራው እሱ። «ጥሩ ተሠርቷል» የሚለውም እሱ። አንተ የቀረህ ሥራ ማጨብጨብ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ሲበዛ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ከንስሐ አባት ይብሳል። ብረቱን የሚያቅፈው ስታፋ በ15 ሴንቲ ይታሰር በ40፣ አንዴ ከተሞላ በኋላ አይናገርም። የተናገረ ቀን ደግሞ እታች አትገኝ! ለዚህ ነው ብረቱ ታስሮ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት፣ ከኮንትራክተሩ ጋር ምሳ የማይበላ ሌላ ዓይን የሚያስፈልግህ። ሙሌቱ ቀን ናሙናው በሳጥን ይወሰዳል፤ በ7 ቀን፣ ከዚያ በ28 ቀን ይሰበራል። ናሙናው ይሰበር! ካልተሰበረ የሚሰበረው አንተ ነህ።

«ውድ ነው! ውድ ነው! ውድ ነው!» ሰማን። ታዲያ አትደራደርም? አንተ ለቲማቲም ጉልት ላይ ግማሽ ሰዓት የምትከራከር ሰው፣ አርክቴክት ፊት ስትቆም ምላስህን ማን ለሰነው? መጀመሪያ የፕላን ስምምነት ውሰድ። ቦታው ላይ ስንት ፎቅ ይፈቀዳል? መንገድ ይነካዋል? አይነካውም? ይሄን ሳታውቅ 2 ፎቅ አስለህ 1 ቢፈቀድልህ፣ ያንን አንዱን ፎቅ የምትኖርበት ግድግዳ ላይ ሰቅለኸው ነው። ቀጥሎ፣ አርክቴክቱ «ከግንባታው ወጪ በመቶኛ» ካለህ ትንሽ አስብ። ቤትህ በተወደደ ቁጥር ክፍያው የሚያድግ ሰው «ርካሹን ሴራሚክ ግዛ» ብሎ ይመክርሃል? ቁርጥ ዋጋ ተነጋገር። ቁርጥ ስልህ ደግሞ ሥጋ ቤት እንዳትሄድ።

ከዚያ ውል። ውል የሌለው ሥራ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ነው፤ ጫፉን ስትፈልግ ጣትህ ይታሰራል። አርክቴክቸሩ፣ ስትራክቸሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሳኒተሪው በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ስንት ጊዜ በነፃ ያስተካክላል? የሹሙ ቢሮ «ይስተካከል» ብሎ ሲመልሰውስ የማን ሒሳብ ነው? የአገልግሎት ክፍያውን ማን ይከፍላል? ግንባታው ሲጀመር ስንት ቀን እየመጣ ያያል፣ ወይስ ሥዕሉን ሰጥቶህ ለምረቃው ብቻ ነው የሚመጣው? ጻፈው። እንደገና ልንገርህ፣ ጻፈው! በሠርግ ካርድ ላይ ግን አይደለም።

ክፍያውም በየደረጃው ይሁን። (ያንተ ቤት ደረጃ ስለሌለው ይሄ እንደሚከብድህ አውቃለሁ።) ቀብድ በልክ። ቀብድ ሲበዛ ቀብር ነው። የመጨረሻዋ ብር ፈቃዱ እጅህ ከገባ በኋላ ትውጣ። ይሄን የምነግርህ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሞኝ ስለነበርኩ ነው። እኔ ያንዷን ሰርቪስ ቤት ፕላን ሙሉ ብሩን በመጀመሪያው ቀን ለሠሪው ቆጥሬ ሰጥቼ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም የኔን አይጠራም። ከዚያ በኋላ ለ4 ወር ስደውል የምታነሳልኝ ያቺ ድምጿ የሚያምረው ልጅ ናት፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የምትለዋ። ሚስቴ ልትቀናባት ምንም አልቀራትም።

ሐሳብ መቀየር ትወዳለህ፣ አውቅሃለሁ። ሐሳብህን ወረቀቱ ላይ እያለ ቀይረው። ወረቀት ላይ ግድግዳ ለማፍረስ ላጲስ ይበቃል። ግቢህ ውስጥ ለማፍረስ መዶሻ፣ 4 የቀን ሠራተኛ፣ ፍርስራሹን የሚወስድ ገልባጭ፣ ቡና የሚጠጣ የገልባጭ ሹፌር፣ ቡናውን የሚያስታውስ ረዳት። ላጲሱን እንኳ አርክቴክቱ ይዞ ይመጣል!

ባለፈው ኮንዶሚኒየሙ ላይ የሠራውን ደግሞ ካልነገርኳችሁ እሞታለሁ። «ሳሎኔን ላስፋው» ብሎ መዶሻ አነሳ። አንዱን ግድግዳ ጣለ፤ እሺ። ከዚያ ኮለኑ ሶፋውን ከለከለው። «ይቺን ትንሽ ጠርበን…» አለ። ይቺን! ሦስት ቤተሰብ በላይዋ ተቀምጧል! በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ አንተ ቤት ውስጥ የቆመውን ኮለን የጋራ ነው ይለዋል። አንተ የምትጠርበው ሰውዬውን ነው፤ ላይ ቤት አልጋው ላይ የተኛውን። ደግነቱ ሰውዬው የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ በነጠላ ጫማ ወረደ። በዚያ ቀን የተባለውን እዚህ አልደግምም፤ ልጆች ይሰማሉ። ኮለኑ ቆሟል። ሶፋው ኮሪደር ላይ ነው።

ቆይ ቆይ፣ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው! ዝም በሉ፣ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።

«ወንድሜ፣ ያ አርክቴክት የምትለው ልጅ ስልኩ አለህ?»

አለኝ። ምነው?

«ሶሌታው ትናንት ተሞላ። ያማረ ነው! ግን… ለደረጃው ቦታ ሳንተው ተሞላ። ሠራተኞቹ በመሰላል ነው የወረዱት። ፎርማኑ ደግሞ ላይ ቀርቷል፣ ከፍታ ይፈራል።»

ምሳውን አቀበላችሁት?

«በባልዲ። ስማ፣ ልጁ ግን ቅናሽ ያደርጋል?»