ሲኒ ለምታህል ሞተር የሚቆም ሸንጎ

እንግሊዝ አገር ከቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ተከተው፣ ቶርኖ ሲያሽከረክሩ የሚውሉ ጡረተኞች አሉ። የቡና ሲኒ የምታህል ሞተር ከብረት ቁራጭ ጠርበው፣ አስነሥተው፣ ድምፅዋን ሰምተው፣ አጥፍተው ለሻይ ይገባሉ። የቆየ አመል ነው፤ «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለው መጽሔታቸው የተመሠረተው እንደ ፈረንጆቹ በ1898 ነው።

ፒስተኑን ያለ ጭቅጭቅ ይሠሩታል። ጠቡ የሚመጣው ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ሲደርሱ ነው። አውራ ጣት ለማታክል ዕቃ ነሐስ ይሁን፣ አሉሚኒየም ይሁን፣ ፕላስቲክ ይሁን ሲባል የብርዱ ወራት ያልቃል።

የነሐሱ ወገን ኩሩ ነው። ነሐስ ለቶርኖ ይገራል፤ ሲወለወልም ያብረቀርቃል፤ ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ግን ማንም ከአፉ አያወጣውም። ተቃዋሚው «ይከብዳል» ይላል። ለሚበር ሞዴል ቢሆን እውነት ነበረው፤ የእሱ ሞተር ግን ከጠረጴዛ ላይ ተነሥታ አታውቅም።

አሉሚኒየም ቀላል ነው። ነገር ግን የሲሊንደሩን ሙቀት ቶሎ ይስባል፤ ነዳጅ የሚሆነው ሜታኖል ደግሞ 65 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሜታኖል የአየር እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ውስጡ ከተረሳ አሉሚኒየሙን ቀስ እያለ ይበላዋል። በአሉሚኒየም ቤት ውስጥ አየሩን የሚለቅ የአሉሚኒየም መክፈቻ ከዞረም ሁለቱ ተነካክሰው ይጣበቃሉ። ስለዚህ የአሉሚኒየሙ ወገን አንገቱን ደፍቶ መክፈቻውን ከነሐስ ይሠራል።

አሴታል፣ በንግድ ስሙ ዴልሪን፣ የሚባለውን ፕላስቲክ ሜታኖልም ቤንዚንም አያስደነግጠውም፤ ሙቀትም በቀላሉ አያሳልፍም። ሲሞቅ ግን ከአሉሚኒየም አራት እጥፍ በላይ ስለሚሰፋ፣ አጥብቆ የገጠመው ሰው ሞተሩ እንደጋለ መክፈቻው አልዞር ይለዋል። የተናቀው ግን በዚህ አይደለም፤ ፕላስቲክ በመሆኑ ብቻ ነው።

ሞተሯ ይህን ሁሉ ክርክር አትሰማም። የምትፈልገው ነዳጁን በሚመጥነው መርፌ ጫፍ ዙሪያ ያለችው ክፍተት ንጹህ እንድትሆንና በብሎኑ ጥርስ አየር እንዳይሾልክ ነው። ካለፈው በጋ ነዳጅ የተረፈ የጉሎ ዘይት ደርቆ ቀዳዳውን ከዘጋው፣ ካርቡሬተሩ ከወርቅ ቢሠራም አትነሣም።

ከሁሉ የሚገርመው ቱቦው ነው። ስለ ማዕድን ሲሟገት የከረመው ሰውዬ፣ ለነዳጁ መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን ቱቦ ይሰካል። የሲሊኮን ቱቦ ሜታኖልን ይችላል፤ ቤንዚን ሲገባበት ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ ይወልቃል። ጥፋተኛው ማን ሆነ? ካርቡሬተሩ! በሌላ ማዕድን እንደገና ይሠራል።

ወዳጄ፣ ይህ አመል ከያዘህ ካርቡሬተሩን ከወደድከው ሥራው። ቤንዚን የምታቃጥል ከሆነ ግን እባክህ ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ግዛ።