የዘንድሮን ምርጥ ያለ ሽማግሌ ለመምረጥ

የዓመቱን ምርጥ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ለመምረጥ የሚጣደፍ ዘመድ ካለዎት በትሕትና ይመልሱት። ፈረንጆቹ ዓመታቸውን በሚዘጉበት ሰሞን እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ በሽሮ ላይ ተቀምጦ «የዓመቱ ምርጥ ምግብ» የሚባል ነገር ማንሳት ለሥጋም ለነፍስም አይበጅም። የእኛ ዓመት የሚገመገመው በጳጉሜን ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን የ13 ወር ፀጋ ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ ጳጉሜንን ከነክብሯ ቆጥረዋት ነበር፤ ማስታወቂያው እስካሁን ያልደረሳቸው ደመወዝ ከፋዮች ብቻ ናቸው። ደመወዝ የለም፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት አልገቡም። ሙሉ ቤተሰብና ባዶ ኪስ አንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተዋል ማለት ነው። ዘንድሮ ምን ደስ አለን ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ለመጣላትም እንደዚሁ፤ ይህ ምክር የተጻፈው ሁለተኛውን ለማስቀረት ነው።

ስብሰባው በቡና ይከፈት። ሰብሳቢዋ ረከቦቱ ፊት የተቀመጠችው ናት፤ ያላማራትን ተናጋሪ ሲኒ በመንሳት ዝም ማሰኘት ትችላለችና ከእሷ የተሻለ ሥልጣን ያለው የለም። በአቦል ማንም ጥቆማ አያቅርብ። ክርክሩ በቶና ይግባ፣ በረካ ሲቀዳ ይዘጋ። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ከጣለ ስብሰባው ባለበት ተቋርጦ ልጆቹ ይጠመቁበት። ትልልቆቹም ቢወጡ አይከለከልም፤ በተለይ በወጡ ጉዳይ ሐሳባቸውን በግልጽ የሰጡት።

የወጡ ጉዳይ አደገኛ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። በአንድ ቤት ቢያንስ ሦስት ዶሮ ወጥ ይታወሳል፤ የእንቁጣጣሹ፣ የገናውና የፋሲካው። ሦስቱንም አንድ ሰው ሠርቷቸው ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ነገር ግን የእንቁጣጣሹን ባለቤትዎ፣ የገናውን እናትዎ ሠሩት፤ የፋሲካውን ደግሞ ሁለቱም ባንድ ምድጃ ዙሪያ ሆነው፣ አንዷ ሽንኩርቱን እያቁላላች፣ ሌላዋ «ገና ነው፣ አልበሰለም» እያሉ። አሁን እርስዎ «ለመሆኑ የቱ ይበልጣል?» ተብለው ተጠየቁ። የጠየቁት እናትዎ ከሆኑ ፊታቸውን ለማንበብ አይድከሙ። እሳቸውም አያዩዎትም፤ ሲኒ እያለቀለቁ ነው። ንጹሑን ሲኒ መልሰው ያለቀልቁትና «የገናው ጨው በዝቶበት ነበር መሰለኝ» ይላሉ።

ይህ ጥያቄ አይደለም። «ኧረ በፍጹም!» ካሉ ባለቤትዎ ከስልኳ ቀና ትላለች። «ትንሽ ብቻ» ካሉ ደግሞ በመጪው በዓል ሳህንዎ ላይ ክንፍ ያርፋል። 12 ብልት ካለው ዶሮ ክንፍ የደረሰው ሰው በቤተሰቡ ውስጥ ያለበትን ደረጃ ሌላ ማስረዳት አያሻውም። ትክክለኛው መልስ «የፋሲካው» ነው፤ እሱንም ሳያመነቱ ይበሉት። ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሶ፣ ዶሮ ሲጮህ ቅቤ የሸተተው ሰው ምን ቢያቀርቡለት «እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም» ማለቱ አይቀርም። ሁለቱም ስለሠሩት ሁለቱም ይመሰገናሉ። ሽልማቱን የወሰደው ግን ረኀቡ ነው፤ ረኀብ ደግሞ ዘመድ ስለሌለው የሚቀየም ወገን አይኖርም። ይህን ዘዴ በሚገባ የተጠቀመ ሰው ዓመት ሳይሞላ ፈረሰኛ ሲወጣለት አይቻለሁ።

የመጽሐፉ ምርጫ ቀላል ነው። በየዓመቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያሸንፋል። በ1958 መታተሙ ከዘንድሮው ውድድር አያስወጣውም፤ አጎትዎ ዘንድሮም እንደ አዲስ ያነሱታል። አንብበውት ይሁን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተውት ይሁን መጠየቅ ነውር ነው፤ ወጋየሁን የሰማ ሰው ከአንባቢ በላይ እንጂ በታች አይደለም። አዲስ መጽሐፍ የሚጠቁም ወጣት ከተገኘ ይመስገን፤ ርዕሱ በደንብ ሳይሰማም ይታለፍ። የቤቱን ቅጂ ማን ተውሶ እንዳልመለሰ ግን አያንሱ፤ ሰውየው እዚያው ተቀምጠው ፈንዲሻ እየቆረጠሙ ነው።

ወደ ቴሌቪዥን እንለፍ። አባት ቴሌቪዥን አያዩም፤ ዜና ብቻ። ይህ የቤቱ የጸና ሕግ ነው። በቃና የሚተላለፈውን የቱርክ ድራማ የሚያዩት እናትና ልጆች ናቸው። የሚገርመው ግን አባት በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ ሳሎኑን አቋርጠው ወደ አንድ ቦታ እየሄዱ ነው። በበሩ መቃን ላይ ጋደል ብለው፣ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጩ፣ ማስታወቂያው መጥቶ እስኪሄድ፣ ክፍሉም እስኪያልቅ ይቆማሉ። «ተቀመጥ እንጂ» ቢባሉ «ኧረ እኔ መውጣቴ ነው» ይላሉ። ቆሞ ማየት ማየት አይባልም፤ ስለዚህ በዓመቱ ምርጥ ድራማ ላይ ድምፅ አይሰጡም። ይሁን እንጂ ማን ማንን እንደከዳ ለቤቱ ሰው ሲምታታበት «እሱ እኮ እህቱ መሆኗን አላወቀም» ብለው የሚያርሙት እሳቸው ናቸው። ያኔ አይሳቁ። ጣሪያውን ይመልከቱ።

የዓመቱ ምርጥ ግዢ ላይ አይቆዩ። አንድ ዕቃ ለባል የሚነገርበት ዋጋ፣ ለእህት የሚነገርበትና ለጎረቤት የሚነገርበት የተለያየ ስለሆነ ሦስቱ ባሉበት ሒሳብ አይወራም።

የዓመቱ ምርጥ ልጅ የሚል አጀንዳም ባይነሳ ይመረጣል። ከተነሳ ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ነው። የጎረቤት ልጅ በየቤቱ፣ በየዓመቱ፣ ያለ ተፎካካሪ ያሸንፋል። አንደኛ ይወጣል፣ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ስልክ አይነካም። በዚያችው ሰዓት በጎረቤት ቤት የእርስዎ ልጅ እየተመሰገነ መሆኑን ለልጅዎ አይንገሩት፤ ያበላሸዋል።

አሁን ከውጭ የሚመጣው ስልክ ይደውላል። ዋሽንግተን ያለችው እህትዎ «እስቲ ዓመቱ እንዴት አለፈ?» ልትል ነው። ቡናችን ተለቅሞ ምርጡ ወደ ውጭ እንደሚላከው ሁሉ የቤት ወሬም ኤክስፖርት ስታንዳርድ አለው። ለእሷ የሚላከው የታጠበው ነው፤ የምርቃቱ ፎቶ፣ የታናሽዋ ልጅ ጥርስ ማብቀል፣ የእናት «ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን»። የአባት ደም ግፊት፣ ከአጥር ጎረቤት ጋር የተደረሰበት የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ እናት በየካቲት አልጋ ይዘው የሰነበቱት፣ ይህ ሁሉ ለአገር ውስጥ ፍጆታ ነው። አይዘኑላት። እሷም የምትልከው በረዶ ላይ ቆማ የተነሳችውን እንጂ ሁለተኛውን ፈረቃ ጨርሳ አውቶቡስ ውስጥ የተኛችውን አይደለም። ሁለቱም ወገን ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም ለሌላው አይነግርም። ንግዱ እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ያለ ጭቅጭቅ ሄዷል፣ እርስዎም አያደናቅፉት።

እስካሁን ያልኩት በአፍ ለሚመረጠው ነው። እውነተኛውን ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ካለ (እኔ አልመክርም) ለብቻው ሆኖ የስልኩን ስክሪንሾት ይክፈት። የቴሌብርና የባንክ ደረሰኝ እንደ ቤተሰብ ሸምጋይ አይለዝብም። ዓመቱን ሙሉ «በዓል ጠላሁ» ስትል የከረመችው አክስትዎ በዋዜማው ለማን ለማን የበግ ማሟያ እንደላከች እዚያ ይታያል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የተላከች ትንሽ ገንዘብ አለች፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለአያቴ መነጽር» ተብሎ ተጽፎባታል። የአባትዎ ስልክ ደግሞ ለራሱ ሌላ ታሪክ ነው። «ይህን ልጅ ዘንድሮስ ሳንቲም አላቀምሰውም» ሲሉ የከረሙበት የታናሽ ወንድምዎ ስም ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወር ሳይዘል ተሰልፏል። ምክንያት፦ «ልዩ ልዩ»። እኔ የዓመቱን ምርጥ ድርሰት ምረጥ ብባል ድምፄን ለዚህች ቃል እሰጣለሁ።

ይህን አይቶ ለጉባኤው የሚያቀርብ ሰው ቤት ያፈርሳል። አባት ይክዳሉ፣ ወንድም ይሸሻል፣ እናት «እኔ መቼ ይህን አጣሁት» ብለው ነገሩን ያባብሱታል። ይልቅ አባትዎ ስልኩን አቀብለው «ሞልቷል አሉኝ፣ እስቲ አጽዳልኝ» ያሉዎት ጊዜ ደረሰኞቹን ይተዉና በቴሌግራም ከየአቅጣጫው የተላኩትን የእንኳን አደረሳችሁ አበቦች ያጥፉ። የአምናው እንቁጣጣሽ ብቻ ለዘንድሮ የሚበቃ ቦታ ይለቃል። እነሱም ቢሆኑ አይቆጩ፤ መስከረም 1 ከነጋ በኋላ ያው አበባ፣ ከያው ሰው፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ ይመጣል።

ውሳኔዎች ሁሉ የአበባየሆሽ ልጆች በር ከማንኳኳታቸው በፊት ይጽደቁ። ዝርዝር ብር ቀድሞ ይዘጋጅ፤ በጳጉሜን ይህ ከመናገር የከበደ ሥራ ነው። ለልጆቹ የሚሰጥ ሲጠፋ ሁሉም ወደ እርስዎ ይዞራል፣ እስከዚያ የተናገሩት ጥሩ ነገርም ይረሳል።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ አባል ይግባኝ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው። ይግባኝ የሚሰማው ግን በመደበኛዎቹ አምስት ቀናት አይደለም፤ እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። የሚሰማው ጳጉሜን 6 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስለሆነ የ2018 ቅሬታ በ2019 መዝጊያ ላይ ይቀርባል፤ ያኔ ያልደረሰ እስከ 2023 ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ቅሬታውን ይተዋል። ባለቤቴ ግን የገናውን ወጥ በተመለከተ ከወዲሁ ሁለት ገጽ አዘጋጅታለች፤ ምስክሮቿም እማኝነታቸውን የሰጡት በጽሑፍ ነው።