ፋይሏ መንገድ ላይ ነው

አሮጌዋን ቪትዝ ከአዲስ አበባ የገዛሁት በ2012 ዓ.ም.፣ የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ በጸደቀ ሰሞን ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ እስከ 500 በመቶ ይቀረጣል ተባለና፣ እዚሁ አገር ያሉት አሮጊቶች ሁሉ ተወደዱ። የእኔዋ ጠዋት ስንደራደርባት አሮጊት ነበረች፤ ከሰዓት ሙሽራ ሆና ጥሎሽ ጨመረች።

ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። ሁለቱስ ይሁን፤ የስንቱ ሁለት በመቶ? ግምቱን የሚያወጣው ስም አዛዋሪው ቢሮ ነው። የተገመተላትን ዋጋ ስሰማ፣ ገማቹን “በዚህ ብር ውሰዳት” ልለው ምንም አልቀረኝ።

የወረታ ሰው ነኝና ፋይሏ ወደ አማራ ክልል መዛወር ነበረበት፤ ያኔ ታርጋው ላይ “አአ” ወርዶ “አማ” ይወጣ ነበር። ሰማያዊው ኮድ 2 ያው ሰማያዊ ነበር፣ ሁለቱን ፊደል ለመለወጥ ግን የቅጣት ዕዳ እንደሌለባት ማረጋገጫ፣ መሸኛ ደብዳቤ፣ ምርመራ፣ ሦስተኛ ወገን መድን… ከወላጆቿ ቤት የምትወጣ ልጅም ይኼን ያህል አትመረመርም። (ታርጋም ቦሎም የጣልያን ቃል ናቸው። እነሱ ቦሎ የሚሉት ለየክልላቸው የሚከፍሉትን የመኪና ግብር ነው። አምስት ዓመት ተዋግተን ጣልያንን አስወጣን፤ ቦሎው ግን መስታወታችን ላይ ተለጥፎ ቀረ።)

ቪትዟ የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ ባሕር ዳር አድራ፣ በማግስቱ የጉማራን ወንዝ ተሻግራ ወረታ ገባች። ፋይሏ ግን አልመጣም። የወረታው ቢሮ ሰዎች “መንገድ ላይ ነው” ይሉኛል። ሩዝ ሲዘራ ጠየቅሁ፤ መንገድ ላይ ነው። ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን ጠየቅሁ፤ መንገድ ላይ ነው። ሩዙ ሲታረም ጠየቅሁ፤ ጸሐፊዋ ፊቴን አይታ ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

አጎቴ የፎገራ ላሞች አሉት፣ ሩዝም ያመርታል፤ ነገሩ አልገባውም።

“ገዝተሃት የለም እንዴ?”

“ገዝቻታለሁ፣ አያ።”

“እኔ ላሜን ከዓለም በር ወረታ ገበያ ስነዳ ማን ፋይል ጠየቀኝ? ቀረጤን በሩ ላይ ከፈልሁ፣ አለቀ። ደግሞ የኔይቱ ትወልዳለች።”

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለች። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ቤት ቀይራለች። የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ነው፣ ከዚህ ጉማራ እንደመድረስ። ሜሪላንድ ሳለች የመኪናዋን ግብር ስትገዛት አንዴ ከፍላ ተገላግላ ነበር፤ ቨርጂኒያ ግን መኪናውን እንደ ቤት ቆጥሮ፣ ዋጋውን ገምቶ፣ በየዓመቱ ያስከፍላል። ደብዳቤው ደርሷት ታለቅሳለች። ደብዳቤ እንኳ ደረሰሽ፣ ልላት ነበር።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር አጎቴ ጣልቃ ገባ።

“እዚያም ክልል አለ እንዴ?”

“አለ፣ አያ፤ 50 ነው።”

ባርኔጣውን አወለቀ። “እግዜር ያጥናችሁ” አላት።

ፋይሏ የደረሰው ሩዝ ታጭዶ ሲያልቅ ነው፤ በቡናማ ፖስታ፣ ጥጉ ተጨማትሮ፣ ከቪትዟ የበለጠ መንገድ የጎዳው መስሎ። ደስ ብሎኝ ስሮጥ የቦሎው ጊዜ አልፎ ኖሯል፤ ቪትዟን አስመርምሬ፣ የዘገየበትን ከፍዬ፣ ተመለስሁ። ታርጋውን ልፈታ ስንበረከክ አጎቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ነው፤ የዶሮ ቤቱ በር ቀዳዳ አለበት።

“አይሆንም፣ አያ። አሮጌው ታርጋ ተመላሽ ነው።”

“ይኼንንም ይወስዱታል?”

“ይወስዱታል።”

የተፈቱትን አራት ብሎኖች ከመሬት ለቅሞ መዳፉ ላይ ቆጠራቸውና፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ኪሱ ከተታቸው።